እሱን ነው የምንለው

ሰው አማርኛ ሲያበላሽ ሰምቼ ዝም ማለት አልችልም። በሽታ ነው። አንድ ጊዜ ለቅሶ ቤት ውስጥ አንድ ሰውዬ ስለ ሟቿ “ደግ ሰው ነበር” እያለ ሲያለቅስ “ነበረች” ብዬ አርሜዋለሁ። እማየ አንድ ሳምንት ሙሉ አላናገረችኝም። ሰውየው ግን አመስግኖኝ ለቅሶውን ቀጠለ።

ሉባባ ይማም እባላለሁ። አሶሳ ከተማ፣ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ አማርኛ አስተምራለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው፤ አላገባሁም። የተወለድኩበት መንደር ከከተማው ወጣ ብሎ ነው፤ ስም የለውም፣ ያለው ቁጥር ነው። በሰባ ሰባቱ ድርቅ አባየንና ዘመዶቹን ከወሎ አምጥተው ሲያሰፍሯቸው፣ ለመንደሮቹ ስም ለማውጣት ጊዜ ያገኘ ሰው ስላልነበረ አንድ፣ ሁለት እያሉ ቆጥረዋቸው ሄዱ። እኛ አሥራ ዘጠኝ ነን። ከተማ ውስጥ “የየት ልጅ ነሽ?” ሲሉኝ “የአሥራ ዘጠኝ” እላለሁ። ጠያቂው ባለመደገፊያውን ወንበር ያምጣልኝ ወይስ በርጩማውን፣ የሚወስነው ያን ጊዜ ነው።

አባየ ልብስ ሰፊ ነው። የአሶሳን ተማሪ ግማሹን ዩኒፎርም አልብሶታል፤ አንዱንም በቀጠሮው ቀን አላደረሰም። የእማየ ሥራ ደግሞ እኔን መዳር ነው። እሱም አልደረሰም።

ዓብዱልላጢፍ ኦመር የሌላ ዓለም ሰው ነው። የበርታ ብሔረሰብ ተወላጅ ነው። አያቱ የተከሏቸው የማንጎ ዛፎች ሥር ዛሬ ሁለት ባንክና አንድ ፋርማሲ ተከፍተዋል። የአባቱ የሐጂ ኦመር ግቢ በር ሁለት መኪና ጎን ለጎን ያስገባል፤ ማን እንደለካው ባላውቅም ከተማው ሁሉ ይህን ያውቃል። እሱ ራሱ ጾሬ የስደተኞች ካምፕ የውኃ መሐንዲስ ነው፤ በአንድ የእርዳታ ድርጅት ነጭ ላንድክሩዘር ነው የሚሄደው።

በእነሱ ቋንቋ “እሱ” እና “እሷ” አንድ ቃል ናቸው። ስለዚህ ዓብዱልላጢፍ አማርኛ ሲናገር ዓለም በሙሉ ወንድ ነው። እናቱ “ታሞ ነበር፣ አሁን ተሽሎታል” ናቸው። ላማቸው “ወለደ” ናት። እኔ “አንተ” ነኝ።

የተዋወቅነው የትምህርት ቤቱ የውኃ ታንከር ሲያፈስ ነው። አንድ ሐሙስ ከሥራ በኋላ በፈቃዱ መጥቶ ጠገነልን፣ ከዚያ እጁን በሱሪው እየጠረገ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ገባ። ቤተ መጻሕፍቱ የእኔ ነው። ማለቴ፣ ሌላ መምህር እምቢ ስላለ ተጠሪዋ እኔ ነኝ። ካምፑ ውስጥ ስብሰባው ሁሉ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ቋንቋውን የሚያሻሽልበት መጽሐፍ ፈልጎ ነበር። ከውጭ ሀገር በእርዳታ ከመጡልን ሦስት ካርቶን መጻሕፍት አሥራ ሰባቱ በበረዶ ላይ ስለ መኪና አነዳድ የሚያስተምሩ ናቸው። የቀረው አንድ ልብ ወለድ ነው። ሽፋኑና የመጀመሪያዎቹ ገጾቹ ስለሌሉ ስሙን የሚያውቅ የለም። እኔ አንብቤዋለሁ፤ ሰዎች ይዋደዳሉ፣ አይነጋገሩም፣ እናቶች ሴት ልጆቻቸውን ለመዳር ይሯሯጣሉ፣ ማን ከማን ቤት እንደሆነ፣ ማን ለማን እንደማይመጥን ይወራል። ቅዝቃዜው ከመብዛቱ በቀር አሥራ ዘጠኝ ነው። ካርዱን ሞልቼ ሰጠሁትና “አደራ፣ የመንግሥት ንብረት ነው” አልኩት።

ከዚያ በኋላ ሐሙስ ሐሙስ መምጣት ጀመረ። ታንከሩን አየት ያደርጋል፣ ከዚያ ተማሪዎች በተቀመጡበት ከጠረጴዛዬ ማዶ ቁጭ ይልና አማርኛውን አርምለታለሁ። መጽሐፉ ከነመኖሩም ረሳሁት። አንድ ቀን “አንተ ዛሬ ቆንጆ ነህ” አለኝ። “ነሽ” አልኩት። ደንግጦ “እኔ?” አለ። ከኋላ የተቀመጡ ሁለት ልጃገረዶች ሳቃቸውን ለመያዝ አፋቸው ላይ ደብተር ያዙ፤ እኔም የአንቀጽ ምልክት የማስተምር ይመስል ፊቴን አጠቆርኩ። ግን ደስ ብሎኝ ነበር። ወድጄው ነበር። ሐሙስ ጠዋት የምለብሰውን ለመምረጥ ጎህ ሲቀድ የምነሳ ሴት ሆኜ ነበር፣ እኔ፣ ለአሥር ዓመት ሁለት ቀሚስ ያፈራረቅሁት።

እማየ ነገሩን አሸተተች። የመንደራችን የእጅ ፓምፕ ተበላሽቶ ዓብዱልላጢፍ ሊያየው ሲመጣ፣ ሸንኮራ ልጣ ቁጭ አድርጋ አበላችው። እኔ ከሥራ ስመለስ እሱ ሄዷል፤ እማየ በኩራት “አደራ ሰጥቸዋለሁ” አለችኝ።

“የምን አደራ?”

“አንችን።”

ያን ዕለት ከእማየ ጋር የተነጋገርነውን አልጽፈውም።

ከዚህ በኋላ በመጣው ሐሙስ መስኮቱ ሥር ቆሞ በስልክ ሲያወራ ሰማሁት። የካምፑ ባልደረባው የአዲስ አበባ ሰው ስለሆነ በአማርኛ ነው የሚያወሩት፤ የዚያኛው ድምፅ አይሰማም፣ የእሱ ብቻ ነው የሚሰማው።

“መጥፎ አይደለም” አለ። “ግን ወፍራም ነው። ያኒ፣ ማለቴ፣ አርጅቷል። ጀርባውም ደህና አይደለም።” የዚያኛውን ሰማና፣ “ብዙ ያወራል። ስለ ጋብቻ፣ ስለ ጋብቻ፣ ኻላስ፣ በቃ፣ ሌላ ነገር የለውም። አሥር ደቂቃ አብሬው ከተቀመጥኩ እንቅልፍ ይወስደኛል።” ሳቀ። “አይ፣ መመለስማ እንዴት እመልሰዋለሁ? አደራ ተብዬ የተቀበልኩት ነው።”

ሌላ ሰው ቢሆን “ወፍራም ነው” ያለው፣ ስለ አንድ ወፍራም ወንድ ነው ብዬ መስኮቱን ዘግቼ እሄድ ነበር። ዓብዱልላጢፍ “ነው” ካለ ግን እኔ ነኝ። አንድ በአንድ አየሁት። ወፍራም፤ እሺ፣ ሚዛን ይናገራል። አርጅቷል፤ ሠላሳ አንድ። ጀርባ፤ ከወንበሩ ላይ ስነሳ ወገቤን እንደምይዝ አይቷል ማለት ነው። ስለ ጋብቻ፤ ባለፈው ሳምንት የሦስት አክስት ልጆቼን ሠርግ አከታትዬ ነግሬዋለሁ። አደራ፤ እማየ። ቤተ መጻሕፍቱን ከውስጥ ቆልፌ አለቀስኩ። በጣም ነው ያለቀስኩት። ከዚያ ፊቴን ታጥቤ የዘጠነኛ ክፍል ፈተና አረምኩ። ያን ቀን ከሃያ ከዘጠኝ በላይ ያገኘ ተማሪ የለም።

በቀጣዩ ሐሙስ በሩ ላይ “ለቆጠራ ዝግ ነው” የሚል ወረቀት ለጠፍኩ። መስኮቱን ገርበብ አድርጌ አየሁት፤ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው። በሌላኛውም ሐሙስ መጣ፣ በሦስተኛውም። ሲደውል ስልኬን አላነሳሁም። ቆጠራው አላለቀም ነበር።

በአራተኛው ሳምንት እሑድ ሦስት ሽማግሌዎች ቤታችን መጡ።

ጫማቸውን በር ላይ አወለቁ፣ ዱዓ አደረጉ፣ “ፈቃዳችሁን ካላገኘን አንቀመጥም” ብለው ቆሙ፣ አባየ ለመናቸው፣ ተቀመጡ። እኔ በወጉ መሠረት ከመጋረጃው ጀርባ ጓዳ ነኝ። የሚናገሩት የዓብዱልላጢፍ አጎት፣ ሼህ ዐብዱልቃድር ናቸው፤ አማርኛቸው የእህታቸው ልጅ አማርኛ ነው።

“ልጅህን አይተነዋል” አሉ። “ጨዋ ነው። የተማረ ነው። ለዓብዱልላጢፍ እንፈልገዋለን።”

“እኔ ያለችኝ ሴት ናት” አለ አባየ።

“እሱን ነው የምንለው” አሉ ሼህ ዐብዱልቃድር።

በእኛ ዘንድ በመጀመሪያው ቀን እሺ አይባልም፤ እንመካከር ተብሎ የአሥራ አምስት ቀን ቀጠሮ ይሰጣል። አባየ ቀጠሮ መስጠት ያውቅበታል። ሽማግሌዎቹ ሲወጡ እማየ አልቅሳ፣ ስቃ፣ ሰግዳ ሳትጨርስ እኔ አልፈልግም አልኩ።

ለምን አለችኝ። አልነገርኳትም። ወፍራም ነው ተብያለሁ፣ አደራ ተጥሎበት የሚመልስበት ቸግሮት ነው ብዬ ለእናቴ እንዴት እነግራለሁ? አደራውን የጣለችው እሷ ናት። ሰውየው ጨዋ ስለሆነ ነው ሽማግሌ የላከው፤ የተሰጠውን ዕቃ ላለመመለስ። የማይፈልገኝ ሰው አዝኖልኝ ከሚያገባኝ ቁጥሬን ይዤ አሥራ ዘጠኝ እቀራለሁ ብዬ ወሰንኩ። ይህን ስወስን ደረቴ ውስጥ የተሰማኝ ሕመም ነው እንጂ ኩራት አልነበረም፤ አሁን ነው የምናገረው።

እማየ የራሷን ምክንያት አገኘች። የልጁ አክስት ዐርዋ ገበያ መሐል “እስቲ በከተማው ሰው ጠፍቶ ነው ከቁጥር የሚያገባው?” ማለታቸው ለአሥራ ዘጠኝ ደርሶ ነበር። ሐጂ ኦመርም መጀመሪያ አልፈቀዱም አሉ፤ ልጁ አንድ ወር ተከራክሮ ነው እሺ ያሰኛቸው። እሺ ሲሉ ግን በቃላቸው ለክተው ነው፤ ወጉ ሦስት ጊዜ ነው፣ ሦስት ጊዜ እልካለሁ፣ ለአራተኛ ጊዜ ግን ሽማግሌዬን አሥራ ዘጠኝ ደጅ አላስቆምም ብለዋል። እማየ ይህን ነግራኝ እኔ በዚህ ተቀይሜ እንደሆነ ጠየቀችኝ። አዎ አልኩ። ምክንያት ያስፈልገኝ ነበር።

ለሁለተኛ ጊዜ ሲመጡ አባየ እምቢ እንዲላቸው ተነጋግረን ነበር። አባየ ግን ፊት ለፊት እምቢ ማለት አይችልም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዩኒፎርም ሊወስዱ ለመጡ ወላጆች “ትንሽ ነው የቀረው” ሲል የኖረ ሰው ነው። ለሽማግሌዎቹም “ትንሽ ነው የቀረው፣ በአሥራ አምስት ቀን ይደርሳል” አላቸው። ሼህ ዐብዱልቃድር የሚቀጥለው የመጨረሻቸው እንደሆነ በትሕትና አስታውሰውት ሄዱ።

በዚህ መሐል ሰኔ ገባና እውነተኛው ቆጠራ ደረሰ። ከቤተ መጻሕፍቱ የጎደለው አንድ መጽሐፍ ብቻ ነበር። ማን ጋር እንዳለ ካርዱ ይናገራል። ልተወው አሰብኩ፣ ግን የመንግሥት ንብረት ነው። ደብዳቤ ጻፍኩ። “ለአቶ ዓብዱልላጢፍ ኦመር። ጉዳዩ፦ በውሰት የወሰዱትን መጽሐፍ እንዲመልሱ ስለማሳሰብ።” ፈርሜ፣ ማኅተም አስመትቼ፣ በትምህርት ቤቱ ተላላኪ በኩል ወደ ጾሬ ላክሁት። ከሰላምታ ጋር የሚለውን ጽፌ ነበር፤ ሰረዝኩት፤ መሰረዙ ስላስጠላ ገጹን እንደገና ጻፍኩት፤ እንደገናም ከሰላምታ ጋር ብዬ ጻፍኩ።

የሦስተኛው ቀጠሮ ቀን እሑድ ጠዋት ነበር። ዝናብ ጥሎ አባርቷል። አባየን ሌሊቱን ሙሉ እማየ በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላ በኩል ስንጨቀጭቀው አድረናል፤ በመጨረሻ በአላህ ስም አስምዬው ልጄ አልፈለገችም ብሎ በአጭሩ ሊነግራቸው ቃል ገባልኝ። እማየ ሻይ እያፈላች ታለቅሳለች። ሽማግሌዎቹ መጡ፣ ጫማቸውን አወለቁ፣ ተቀመጡ።

ሼህ ዐብዱልቃድር በፌስታል የተጠቀለለ ነገር አወጡ። “ልጁ አለ፣ መጀመሪያ ይህን መልስ፣ ከዚያ ጥያቄውን ጠይቅ። ደብዳቤ ደርሶታል። ማኅተም አለው።”

እማየ ፌስታሉን ጓዳ አምጥታ ጉልበቴ ላይ አኖረችው፤ እንደ ማንኛውም የመንግሥት ንብረት። እኔም ተጠሪ ነኝና አወጣሁት። ደንቡ ግልጽ ነው፤ የተመለሰ መጽሐፍ ጉዳት እንዳለው ገጽ በገጽ ይታያል።

መጽሐፉ ሽፋን አውጥቷል። ከድንኳን ሸራ የተቆረጠ፣ ጠርዙ የታጠፈ ሽፋን። ተላቆ የነበረው ጀርባው በወፍራም ክር፣ ጥቅጥቅ ባለ ስፌት ተሰፍቷል፤ ስፌቱ ጠማማ ነው፣ አባየ ቢያየው ያፈርስ ነበር። ጀርባው ላይ እጄ ቆመ። ቀስ ብዬ ገለጥኩት።

ዳር ዳሩ ላይ በእርሳስ ተጽፎበታል። መጽሐፍ ላይ መጻፍ ክልክል ነው። ገጽ አሥራ አንድ ላይ እንዲህ ይላል፦ “ወፍራም ነው። አርጅቷል። ጀርባው ደህና አይደለም። ስለ ጋብቻ ብቻ ያወራል።”

ከመጋረጃው ማዶ አባየ ስለ ዝናቡ እያወራ ነው።

አገላበጥኩ። ገጽ ሃያ ሦስት፦ “አሥር ደቂቃ። ተኛሁ።” ገጽ ሰማንያ፦ “መምህር አደራ አለኝ። ልጨርሰው።” ገጽ መቶ አርባ፦ “ይህ ሰውዬ ልጅቱን ይወደዋል፣ ግን አይናገርም። ጅል ነው።” ገጽ ሁለት መቶ ሁለት ላይ ከታሪኩ ጋር ምንም የማይገናኝ ነገር ተጽፏል፦ “ለምንድነው ሐሙስ ዝግ የሆነው?” ሁለት መቶ ሠላሳ ላይ፦ “ዛሬም ዝግ ነው።” ሁለት መቶ ስልሳ ላይ፦ “አባቴ እሺ አለ። መምህር ስልክ አያነሳም።” እንባዬ ገጹ ላይ ወደቀ። ይህም ጉዳት ነው፤ ይመዘገባል።

የመጨረሻው ገጽ ላይ፣ ከታሪኩ በታች ባለው ባዶ ቦታ፣ በጥንቃቄ፣ እኔ ሐሙስ ሐሙስ እንዳስተማርኩት ፊደሉን እየለየ እንዲህ ጽፏል፦ “ጨረስኩት። መጀመሪያ ተሳስቼ ነበር። ጥሩ ናት። በጣም ጥሩ ናት።”

ናት። በሕይወቱ የመጀመሪያዋ “ናት” ናት፤ ለመጽሐፍ ሰጣት። መጽሐፍ ወንድ ነው። ስህተት ነው። እርሳሴን ከጸጉሬ መዝዤ ላርም አልኩና እጄ እምቢ አለኝ።

“እንግዲህ” አለ አባየ ከመጋረጃው ማዶ፣ “ልጄ አልፈለገችም።”

አባየ ከተወለደ ጀምሮ በቀጠሮው ያደረሰው ሥራ ይህ ብቻ ነው።

ከዚያ ወንበር ሲንቀሳቀስ ሰማሁ። ሼህ ዐብዱልቃድር “ኻላስ። አላህ ለሁለቱም የተሻለውን ይስጠው” ሲሉ፣ አባየ ይቅርታ ሲለምን፣ እማየ የሻይ ብርጭቆ ሲወድቅባት፣ ከዚያ ሦስት ሰዎች በር ላይ ጫማቸውን ሲፈልጉ። ጫማቸውን አድርገው ከወጡ አራተኛ ጊዜ የለም። ልጅት ሽማግሌ በተቀመጠበት አትገባም፣ ድምፅዋም አይሰማም። “ፈልጌያለሁ” ማለት ለሴት ልጅ ነውር ነው። “ፈልጋለች” ብል ቢያንስ ሰዋስዉ ትክክል ነበር። እኔ መጽሐፉን ደረቴ ላይ ይዤ፣ መጋረጃውን ሳልገልጥ፣ የክፍል ውስጥ ድምፄን አወጣሁ።

“ፈልጓል” አልኩ።

በመጋረጃው ስንጥቅ አየሁ፤ እማየ በቆመችበት ቀረች። አባየ ወደ መጋረጃው ዞሮ፣ ልጁ አማርኛ ስትሳሳት በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ሰምቶ የማያውቅ ሰው፣ “ማን ነው የፈለገው?” አለ።

አንድ እግራቸውን ጫማ ውስጥ ያስገቡት ሼህ ዐብዱልቃድር ጫማውን መልሰው አወለቁ።

“እሱን ነው የምንለው” አሉና ተመልሰው ተቀመጡ።